የቡናው ጭማሪ ሳንቲም የት ይደርሳል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

በቡና አገር ቀበሌ አዲስ መማሪያ ክፍል ሲቆም ገንዘቡ ከየት መጣ? አንዳንዴ ከራሱ ከቡናው ነው።

በ1991 ዓ.ም የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የጅማን ቡና ጭምር በፌርትሬድ፣ ማለትም በፍትሐዊ ንግድ ገበያ ይሸጣል። እዚያ ገዢው ከዋጋው በላይ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይጨምራል። ትንሽ ትመስላለች? ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ በጫነ አንድ ኮንቴይነር ላይ ከ8,000 ዶላር ትበልጣለች!

ከ20ዋ ቢያንስ 5 ሳንቲም ለምርታማነትና ለጥራት ይውላል። የቀረው ትምህርት ቤት ይሁን ጤና ጣቢያ ወይስ የመጠጥ ውኃ፣ አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ እጅ አውጥተው ይወስናሉ። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው፤ የሚወስነው ሩቅ ያለ ለጋሽ ሳይሆን ገበሬው ነው። ታዲያ እናቶችም እዚያ ጉባኤ ላይ ይቀመጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቡናውን እነሱ እየለቀሙ አባልነቱ ብዙ ጊዜ በአባወራው ስም ነው።

ከዚህ ጭማሪ የአካባቢው ወንዝም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ እንዲሁ ከተለቀቀ ውኃውን ያበላሻል። ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቬቲቨር ሳር ሲተከልበት ግን ፍሳሹ ወንዙ ሳይደርስ ይጣራል።

(ሙዚቃ)