ቤት የሚገዛ እንግዳና የንብረቱ መዝገብ



በአርባ ምንጭ ከተማ ከሴቻ ቆሞ ቍልቍል የሚመለከት ሰው፥ ዐባያንና ጫሞን፥ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የተባለውን ኮረብታ ባንድነት ያያል። ይህን አይቶ «ምነው እዚህ አንዲት ቤት በኖረችኝ» ብሎ የማይመኝ እንግዳ ጥቂት ነው። ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ከምኞት እስከ ባለቤትነት ያለው መንገድ በሕግ የታጠረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚሁ መንገድ ጥቂት ልንነጋገር አስበናል። ውሉን የሚያዋውለው፥ ማኅተሙን የሚያሳርፈው፥ መዝገቡንም የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ ነውና፥ ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ በዚህ ጉዳይ እጃቸው አለበት።

አስቀድሞ መሬትንና ቤትን መለየት ያሻል። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት፥ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከግል ባለቤትነት ወጥተዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጽንቶታል። ስለዚህ «መሬት ልሽጥልህ» የሚል ሰው የሌለውን ዕቃ ለገበያ አቀረበ ማለት ነው። በከተማ የሚተላለፈው በቦታው ላይ የተሠራው ቤትና ዘመኑ የተወሰነ የሊዝ መብት ነው፤ ይህም በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው።

ወደ ውጭ አገር ሰው ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 390 እስከ 393 ባሉት አንቀጾች ጉዳዩን በዝርዝር ደንግጎታል። ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈቀዱ በቀር የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም ነበር። ይዞ የተገኘም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል፤ እምቢ ቢል ንብረቱ ተይዞ ይሸጥና ከዋጋው ከመቶው ሃያ እጅ ለወጪና ለቅጣት ይቀነሳል። ሕግ አውጪው በዚህ አላበቃም። ሽያጭን ኪራይ ብለው የሚሰይሙ ብልኆች እንደማይጠፉ ዐውቆ፥ ከ50 ዓመት ለበለጠ ጊዜ መብት የያዘውን የውጭ አገር ሰው እንደ ባለቤት ቈጥሮታል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የኛ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥትዋ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከ99 ዓመት የሚበልጥ የመሬት ኪራይ ከልክላለች።

ከዚያ ወዲህ በሩ በየጊዜው ተከፍቷል። የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን፥ የኢንቨስትመንት ሕጎችም ፈቃድ ያለውን የውጭ ባለሀብት ከክልከላው አውጥተዋቸዋል። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዋጅ፥ ቢያንስ 150,000 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ የውጭ ዜጋ የቤት ባለቤት የሚሆንበት መንገድ ተደንግጓል።

እንግዲህ በሩ ከተከፈተ፥ የሚቀረው በትክክል መግባት ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ተቈጥሮ፥ ሦስት ምስክር ፈርሞ፥ ቁልፍ ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ይህን አይልም። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊትም መመዝገብ ይኖርበታል፤ በቁጥር 2878 መሠረት ደግሞ ንብረቱ ባለበት አገር በሚገኘው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገንን አይመልስም። የአርባ ምንጭ ቤት አዲስ አበባ ላይ ውሉ ቢጻፍም፥ ስሙ የሚዛወረው በአርባ ምንጭ ነው። የሚያስገርመው፥ ያው ሕግ መዝገቡን አዝዞ፥ መዝገቡ የሚቋቋምበትን ክፍል ግን በቁጥር 3363 ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ አቆይቶታል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን ሥራውን የተሸከመው የማዘጋጃ ቤቱ ዶሴ ነበር። ለከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው።

የጋሞ ሕዝብ ነገርን በአደባባይ መፈጸም የለመደ ነው። ዱቡሻ በሚባለው ሸንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፥ አገር እየሰማ ይወሰናል። መዝገብም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም፤ በስውር የተደረገውን ማንም ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ማኖር ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን በዱቡሻው አልነበረም፥ ማን የማን እንደ ሆነም አያውቅም፤ ስለዚህ ከአገሬው ይልቅ መዝገቡ የሚያስፈልገው እሱን ነው።

ይህን ሳይረዳ አቋራጭ የሚፈልግ አለ። አንድ የውጭ አገር ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፥ ቤቱን በኢትዮጵያዊ ወዳጁ ስም ገዛ እንበል፤ «ቤቱ በእውነቱ የእገሌ ነው» የምትል ወረቀትም ተፈራርመው በሣጥን አኖሩ። ወዳጁ ታማኝ ይሁን። የሞተ እንደ ሆነ ግን ሚስቱና ልጆቹ ወራሾች ሆነው ይቀርባሉ፤ መዝገቡም የሚያውቀው የአባታቸውን ስም ነው። ዕዳ ቢኖርበት ገንዘብ ጠያቂው ቤቱን ያሳግዳል። ያቺ ወረቀት ለፍርድ ብትቀርብም፥ ሕጉን ለመሸሽ የተደረገች ናትና በያዛት ሰው ላይ ትመሰክርበት ይሆናል እንጂ አታድነውም።

ተከራዩም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ነፃ አይደለም። ከአምስት ዓመት በላይ የሚቆይ የቤት ኪራይ ውል በመዝገብ ካልገባ፥ ቤቱን በኋላ የገዛውን ሰው አያስገድድም። በሐይቁ ዳር ለእንግዳ ማረፊያ ቤት ተከራይቶ፥ አድሶና አስውቦ፥ በሰባተኛው ዓመት ከአዲስ ባለቤት ጋር የሚፋጠጥ ሰው የሚጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

በላንቴና በጫኖ የሙዝ ማሳ አይቶ የሚመኝ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። ገበሬው ይዞታውን ሊሸጥ አይችልም፤ ለተወሰነ ዘመን ማከራየት ግን ይፈቀድለታል፥ ውሉም በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ለእርሻ መሬት የሚፈልግ የውጭ ባለሀብት የሚዋዋለው ከመንግሥት ጋር ነው።

ገዢው ከመፈረሙ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ ቤቱ በባንክ መያዣነት አለመያዙ፥ የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑ፥ የሊዙ ዘመን ምን ያህል እንደ ቀረውና ክፍያውም መከፈሉ ናቸው። ሻጩ ባለትዳር ቢሆንና ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም ይገባቸዋል። ዐማርኛ ለማያውቅ ገዢ ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ ቃል በቃል ይተረጐምለት። ከውጭ ያመጣውንም ገንዘብ በባንክ አስገብቶ ደረሰኙን ከቤቱ ማስረጃ ጋር ያኑር፤ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ወደ አገሩ ለመውሰድ ባሰበ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያንን ነው።