ዓይናችሁ ቢጫ ሲሆን አትደብቁት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጫትና ስለ ጉበት ነው። እኔ እንደናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። አንብቤና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት መቆም ምን እንደሆነ እናውቃለን። ረመዳንማ አይነሳ። ከሳልሚያ እስከ ጅሊብ፣ እንቅልፍ ለማባረር ደረቅ ጫት የምትይዝ አትጠፋም። «ቅጠል ምን ያደርጋል?» ትላለች። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን አምፌታሚን ከሚባለው የማነቃቂያ ክኒን ጋር ዘመድ ነው። ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ሐሞቱ በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል። ጉበት ሲጎዳ ሐሞቱ መውረጃ ያጣና ወደ ደም ይመለሳል፤ የተደፈነ የዕቃ ማጠቢያ ውሃውን ወደ ላይ እንደሚመልሰው ማለት ነው። ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። አገር ቤት የወፍ በሽታ የምንለው ይሄ ነው። ከወፍ ግን አይመጣም።

በ2015 እና በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ 150 የቆየ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር አስተያይተው ነበር። ለብዙ ዓመት አብዝተው የቃሙት ሰዎች ጭራሽ ካልቃሙት ይልቅ ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድላቸው 6 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ አገርም ጫት ሲያቆሙ ጉበታቸው የተሻለ፣ ሲመለሱበት ያገረሸባቸው ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

ለምን እንደምንደብቅ አውቃለሁ። ለኢቃማ ደም ሲመረመር የጉበት ቫይረስም ይታያል፤ «ቢጫ ዓይን ካዩ ይመልሱኛል» እንላለን። ጫትም እዚህ ክልክል ነው። ግን ቢጫ ዓይን ሁሉ ቫይረስ አይደለም፤ ምክንያቱ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ደብቆ ከአገር ቤት የተላከ ሥር መጠጣት ደግሞ የታመመውን ጉበት ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ስለዚህ ምልክቱን ስታዩ ያን ቀን ቅጠሉንም፣ ከሰው የተቀበላችሁትን ክኒንም አቁሙ። ለማዳም «ዐይኒ ሰፍራ፣ አቢ ሙስተውሰፍ» በሏት። ሐኪሙ ፊት የወሰዳችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ካልነገራችሁት ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል። ቋንቋ ካስቸገራችሁ ከማኅበራችን አንድ ሰው ጥሩ። ታማሚዋ ከተደናገረች፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች ወይም ደም ካስመለሳት ወዲያው 112 ደውሉ።

የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፣ ሕክምናም በአሠሪ እንዲሆን ይላል። ሁሉም ቤት እንደማይፈጸም አውቃለሁ። ቢሆንም መብታችን ነውና እንጠይቅ። ለድካም መድኃኒቱ ዕረፍት ነው።

ጤናችሁን ይጠብቅልን።