መልስ ያጣ ደብዳቤ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙያና ኃላፊነት



እዚሁ ጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በ1863 ለንደን ቢደርስም የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ መልስ ሳይሰጥበት አቆየው። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በ1864 የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ጠቡም በ1868 መቅደላ ላይ አበቃ።

የጠቡ ምክንያት ብዙ ነው። እኔ ግን ለሙያችን የሚሆነውን አንዱን ብቻ አነሣለሁ፦ ደብዳቤው አልጠፋም፤ ተከታታይ አጣ እንጂ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ለተመራለት ክፍል ማድረሱ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ገቢውን መዝገብ ከወጪው እያመሳከረ፣ መልስ ያላገኘውን ለኃላፊው ማስታወስ ነው። ለፋርጣ ገበሬ የመሬት ይዞታ አቤቱታው ከንጉሥ ደብዳቤ አያንስበትም።