ስለ አንድ የግድግዳ ሥዕል



የሕክምና ፈር ቀዳጆችን ሥዕል በግድግዳ ላይ መስቀል ደግ ልማድ ነው። ፓርክ ዴቪስ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠዓሊውን ሮበርት ቶምን ያሣላቸው የሕክምና ታሪክ ሥዕሎች እየታተሙ በብዙ ሐኪሞች ክፍል ተሰቅለዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ከእነዚሁ ስለ አንዱ ነው።

በሥዕሉ ላይ ዶክተር ማሪዮን ሲምስ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። አንዲት ጥቁር ሴት በጠረጴዛ ላይ ተንበርክካለች፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ያያሉ። ሁሉም ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። ደም የለም፤ ጩኸትማ ከየት ይምጣ!

ሲምስ ግን ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ የወሊድ ፊስቱላን መስፋት የተለማመደው እንቢ የማለት መብት በሌላቸው ባሮች ላይ ነው። ማደንዘዣም አልሰጣቸውም፤ ኤተር በ1846 በቦስተን በይፋ ከታየ በኋላም ቢሆን። ስማቸው የቀረልን ሦስቱ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ናቸው። አናርካ፣ ሲምስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ቁስሏ የተዘጋው በ30ኛው ቀዶ ጥገና ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሐምሊን ባልና ሚስት በ1974 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እናቶቻችን የሚታከሙት በዚሁ ሕመም ነው። ስለዚህ የሲምስ ሥራ ከንቱ ነበር የሚሉትን አንከተልም። ኒው ዮርክ በ2018 እ.ኤ.አ. ሐውልቱን ከሴንትራል ፓርክ አንሥታለች፤ እኛ ግን ሥዕሉ ይውረድ አንልም።

የምንጠይቀው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ሥዕል በትምህርት ቤታችን ሲሰቀል የሦስቱ ሴቶች ስም ከሐኪሙ ስም ጋር በእኩል ፊደል ይጻፍ። በአጠገቡም፣ በዚሁ ሕመም ታክማ ከዳነች በኋላ ቀዶ ጥገናውን ተምራ ሌሎችን ያዳነችው የማሚቱ ጋሼ ምስል ይሰቀል።