ስለ ቦዮች ጥበቃ፤ በአዳማ ከተማ የተነበበ ዲስኩር



አዳማ በኮረብቶች በተከበበ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ሐምሌና ነሐሴ የሚያወርዱት ውሃ ሁሉ ሳይዘገይ ወደ መካከልዋ ይወርዳል፤ የሚሸኘውም የጎርፍ መውረጃው ቦይ ብቻ ነው። ስለ መቆፈሩ አልናገርም፤ ቆፋሪው በምርቃት ቀን ተመስግኖ ሄዷል፤ የእኔ ነገር ከምስጋናው በኋላ ስለሚመጣው ስለ ረጅሙ የጥበቃ ዘመን ነው።

ከዚህ ወደ ደቡብ ጥቂት ወርዶ ወንጂን ያየ ሰው ነገሩን ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል። በ1946 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ስኳር ማምረት የጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ፥ ከፊሉ ከባሕር ወለል በታች በተኛ አገራቸው ውሃን በቦይ መግራትን ከአባቶቻቸው የወረሱ ሰዎችን ይዞ መጥቶ፥ የአዋሽን ውሃ በፓምፕ እየሳበ በዋናው ካናል፥ ከዚያም በመጋቢ ቦዮች፥ በመጨረሻም በፈሰስ ወደ ሸንኮራው ሥር አደረሰው። በ1952 ዓ.ም. በኢጣልያ የጦር ካሣ ተሠርቶ የተመረቀው የቆቃ ግድብም የወንዙን ፍሰት ክረምትና በጋ አስተካከለለት። ነገር ግን አዋሽ ባዶ እጁን የሚመጣ ወንዝ አይደለም፤ ደለል ይሸከማል፤ ሩጫው በቀዘቀዘበት ስፍራም ሸክሙን ያወርዳል፤ ሣር ይበቅልበታል፤ በሣሩም መካከል የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያስተናግደው ቀንድ አውጣ ይራባል። ቦዩ ሲደፈን አገዳው ወዲያው ይጠወልጋልና፥ የወንጂ ሠራተኛ አካፋውን ከእጁ ሊለይ አይችልም።

ከሩቅ አገርም አንድ ምስክር ልጥራ። በእንግሊዝ አገር ጀምስ ብሪንድሊ የተባለው ሊቀ ጥበብ፥ በ1761 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የብሪጅዋተርን ቦይ ከሠራ በኋላ፥ ወለሉን በተረገጠ ሸክላ ጭቃ እያስለበጠ፥ ጀልባን ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚያነሡ የውሃ በሮችን እያቆመ ሌሎችንም ቦዮች ዘረጋ፤ በሮቹንም ወጪና ውሃ ለመቆጠብ ጠባብ ስላደረጋቸው፥ የሚያልፉባቸው ጀልባዎች ወርዳቸው ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ ርዝመታቸው ግን እስከ 22 ሜትር የሚደርስ ሆኑ። ባቡርና መኪና የጭነቱን ሥራ በወሰዱባቸው ጊዜ ብዙዎቹ ቦዮች ተረስተው በጭቃና በቄጤማ ተዘጉ። ያን ጊዜ ቶም ሮልት የተባለ መሐንዲስ፥ ክሬሲ በምትባል ጠባብ ጀልባ ላይ እየኖረ ያደረገውን ጉዞ በ1944 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሮበርት ኤክማን ጋር የውስጥ ውሃ መንገዶችን የሚጠብቅ ማኅበር መሠረተ። በ1947 እ.ኤ.አ. በስትራትፎርድ ቦይ ላይ ዝቅ ብሎ የተሠራ ድልድይ መንገዱን ቢዘጋበት፥ የማለፍ መብቱ በሕግ አልተሻረም ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ፤ ባለ ድልድዩ የባቡር ኩባንያም በማንሻ ከፍ አደረገለት፥ ጀልባይቱም በጭንቅ አለፈች። እኔ ከሮልት ሥራ ሁሉ ይህን እጅግ አደንቃለሁ፤ በየቢሮው አቤቱታ ከመበተን ይልቅ በቦዩ ተጠቅሞ ቦዩን አስጠብቋልና።

የአዳማ ጎርፍ መውረጃ ጀልባ የሚንሳፈፍበት አይደለም፤ የሚጠወልግ አገዳም የለውም። በበጋው ሁሉ አቤት የሚልለት ስለሌለ ቆሻሻ ይጣልበታል፥ ላስቲክ ይጠቀጠቅበታል፤ የሚታወሰውም ጎርፍ ደጃፍ ሲያንኳኳ ነው። ይህ የመሐንዲስ ጥፋት አይደለም፤ ባለቤት የማጣት ጥፋት ነው።

ስለዚህ የከተማችንን ሹማምንት አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ለየሰፈሩ ቦይ ስሙ የታወቀ፥ ደመወዙም በበጀት የተጻፈ ጠባቂ ይሾምለት፤ ጠረጋውም ሰኔን ሳይጠብቅ በግንቦት ይፈጸም። የወጣውም ደለል በዚያው ቀን በመኪና ይጫን፤ በዳር ተከምሮ ከቀረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።