ጥቅሱ ለማን ነው?

(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነበበና በአባላት ጥያቄ በዚህ ሰሌዳ የተለጠፈ ንግግር)



እንደምታውቁት፣ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ቡና እየጠጣን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ከጀመርን ጥቂት ጊዜ ሆኖናል። የምናነበው በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ትርጉም ነው። ከመካከላችን ኦርቶዶክስ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ካቶሊክ አለ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረውን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ዛሬ የቀረብነው ስለ ሃይማኖት ልንከራከር ሳይሆን፣ ያነበብነው ነገር ምን እንዳደረገን ልንነግራችሁ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ተራው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነበር። ስለ ትክክለኛ ሚዛን ከሚናገረው ቦታ ስንደርስ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለምን ቢሉ፣ ዲላ የቡና አገር ናት፤ በመከር ጊዜ እሸት ቡና ይዞ ሚዛን ፊት ያልቆመ ማን አለ? ሁላችንም ጥቅሱን ወዲያው ለቡና ሰብሳቢዎች አደልነው። «ይኸ ለነሱ ነው፤ ይነበብላቸው!» አልን። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችንም የቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ እንዲሁ ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉትን እንደሚገሥጽ ነገሩን። ያን ጊዜ ገበያ ላይ በቆሎ በጣሳ የሚሸጡ አንዲት እናታችን፣ «የኛስ ጣሳ? ያ ቂጡ ወደ ውስጥ የተመታው?» ብለው ጠየቁ። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ነገር ተረዳን። ጥቅስን ለሌላ ማደል ቀላል ነው፤ ለራስ ማስቀረት ግን ይከብዳል።

ከሁሉ የከበደን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው፤ ይኸውም ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉት ሰው ታሪክ ነው። ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት አለፉ፤ ያነሣው አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሁልጊዜም ራሳችንን የምናስቀምጠው በሳምራዊው ቦታ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን 2010 ዓ.ም. ትዝ አለን።

በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ጌዴኦውም ጉጂውም ተጎዳ። ትምህርት ቤቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ አዳራሹንም ሰው ሞላው። እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ ቆጮም ልብስም አዋጥተናል፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም ግን ከተፈናቃዮቹ አንዲት እናት ልጇ ሲሞትባት፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር እንድናውሳት ሰው ላከችብን። ምን አልናት? «ደንቡ የሚለው ለአባል ብቻ ነው።» ድንኳኑ በዚያ ቀን እንደተጠቀለለ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡም ይዘንብ ነበር።

ካህኑና ሌዋዊውም እኮ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልተባለም። ምናልባት እነሱም የሚጠብቁት ደንብ ነበራቸው ይሆናል። እኛም በታሪኩ ውስጥ የቱ ጋ እንደቆምን ያወቅነው ያኔ ነው። ቁስለኛውን በአህያ ጭነን የወሰድን አልነበርንም፤ ገለል ብለን ያለፍን ነበርን።

«ታዲያ መዋጮ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እድር ያለ መዋጮ አይቆምም። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ገንዘቡን አይነካም። የቀብር ገንዘብ እንደ ወትሮው ለአባል ይሁን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ግን በአባል ቤት ካልተያዘ፣ በሰፈራችን ላለ ኀዘንተኛ ሁሉ፣ አባል ቢሆንም ባይሆንም፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በነፃ ይሰጥ። አንድ የሰፈር ሰው ዋስ ሆኖ ይፈርም፤ ዕቃው በጊዜው ይመለስ።

የጌዴኦ አባቶች በሶንጎ ተሰብስበው ነገርን በአደባባይ ይመለከታሉ። እኛም በሹክሹክታ ሳይሆን በግልጽ እንወያይና በሚመጣው ስብሰባ በድምፅ ይወሰን።

ለዚያች እናት የዘገየ ነው፤ ለሚቀጥለው ኀዘንተኛ ግን አልዘገየም። እስከዚያው ድረስ ጣሳችንንም ደንባችንንም እናቃና።