ጢስና የከሰል ጋዝ ከቤታችን በደኅና የሚወጣበት መንገድ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር፤ መገኘት ላልቻላችሁ በሠሌዳው ላይ ተለጥፏል)



ዛሬ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቦይ ጠረጋ ልንናገር አይደለም። የምንነጋገረው ሁላችንም በየቤታችን ስለምናውቀው፣ ግን ቁም ነገር ብለን ተወያይተንበት ስለማናውቅ ጉዳይ ነው። ይኸውም በየማጀቱና በየመኝታ ክፍሉ የሚጠራቀመው ጢስና የከሰል ጋዝ በየት በኩል ይውጣ የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው አገራችን ደጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙና ዝናቡ በር ያዘጋል፤ ሰውም እሳቱን ይዞ ቤት ይገባል። «አባቶቻችንስ እንዲሁ አልነበሩም ወይ? ታዲያ ምን አዲስ ነገር መጣ?» ያላችሁ እንደሆነ፣ አዲሱ ነገር ቤቱ ነው። የሣር ክዳን ቤት በክዳኑ ይተነፍሳል፤ ጢሱ ቀስ እያለ በሣሩ መካከል ይወጣል። ዓይን ማቃጠሉና ግድግዳ ማጥቆሩ ባይቀርም ቤቱ ፈጽሞ አይታፈንም። ዛሬ ግን የብዙዎቻችን ጣራ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ መስኮቱም ለብርዱ ተብሎ በላስቲክና በጨርቅ የተወተፈ ነው። ቤቱ ተሻሽሏል፤ የጢሱ መንገድ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ልናበጅለት ይገባል።

ከእሳት የሚወጣው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚታየው ጢስ ነው። ኩበት፣ እርጥብ እንጨትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲነድ የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ በተለይ ምጣድ ላይ ቆመው የሚውሉትን እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉትን ሕፃናት ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ሁለተኛው የማይታየው ነው፤ ስሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ «ምች ነው» ወይም «ጉንፋን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ተኝቶ ከሆነማ ሳይነቃ ይቀራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። «ከሰሉ ፈም ሆኗል፣ ጢሱ አልቋል፣ አሁን ቤት ይግባ» የሚባለው ነገር ትክክል አይደለም። ጢሱ ያልቃል እንጂ ጋዙ አያልቅም፤ ፈሙ እስኪከስም ድረስ ይወጣል። ዕጣን ቢጨስበትም ሽታው ያምራል እንጂ ጋዙ አይቀንስም። የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ የምንተነፍሰው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ይህ ጋዝ ሲጨመርበት የሰው አቅም ቶሎ ያልቃል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በከሰል ጢስ ስለሚሞቱ ሰዎች ደጋግሞ ሲያስጠነቅቅ በሬዲዮ ሰምተናል። ማስጠንቀቂያው ለእኛም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አየር መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መውጫው ከጣራው ሥር በከፍታ፣ መግቢያው ደግሞ በወዲያኛው ግድግዳ ዝቅ ብሎ ይከፈት። መውጫ ብቻ ከፍቶ በር መዝጋት ዋጋ የለውም፤ የሚገባ ከሌለ የሚወጣም የለም። ቢያንስ ስንዝር በስንዝር የሆነ ቀዳዳ፣ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ፣ በማጀቱ ይኑር። ብርዱ ሲጠና በጨርቅ አይወተፍ።

ሁለተኛ፣ አቅም ያለው ከምድጃው በላይ የቆርቆሮ ክፈፍ ሠርቶ በቱቦ ያውጣው። ቱቦው ከጣራው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝናብና ነፋስ እንዳይመልሰው ቆብ ይደረግለት። ጢሱን ኮርኒስና ቆርቆሮ መካከል መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ተመልሶ ይወርዳል፣ ጥቀርሻውም አንድ ቀን እሳት ይይዛል። ክዳኑ ሣር የሆነ ቤት የጋለ ቱቦ በክዳኑ ውስጥ አያሳልፍ። ጥቀርሻው በየጊዜው ይጠረግ።

ሦስተኛ፣ ምድጃውም ይታሰብበት። «ምርት» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ማገዶ ሲያንስ ጢስም ያንሳል። እንጨቱም ደርቆ ይንደድ። ይሁን እንጂ ጥሩ ምድጃ የጢስ መውጫን አይተካም።

አራተኛ፣ በቤታችሁ ጫጩት የምታሳድጉ አደራ። ጫጩት ሙቀት ትፈልጋለች፣ ከሰልም ይገባላታል፤ ክፍሉም ሙቀት እንዳይወጣ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከሰሉ ጋዙን፣ ኩሱ ደግሞ ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጠውን አሞኒያ ያወጣል። ያ አየር ወደ ደጅ ይውጣ እንጂ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አይውጣ። ከጫጩቶቹም ጋር ሰው አይተኛ።

አምስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ካለ፣ ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አይነሣ። ጋዙ ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር እናስታውቃለን። ይህን ሁሉ የምንለው ለማብሰያ ሰዓት ነው እንጂ ከሰል ይዞ ለመተኛት ፈቃድ አይደለም። ከሰል እየነደደ የሚተኛበት ደኅና ክፍል የለም። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ፣ ከመተኛት በፊት፣ ከሰሉ ወደ ደጅ ይውጣ። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደረብ።

አደጋ ከደረሰስ? በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሰውየውን ፈጥኖ ወደ አየር ማውጣት፤ የሚያወጣውም እዚያው እንዳይዘገይ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይጨመር። ደህና የሆነ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ «ከሰል ነበር» ብላችሁም ተናገሩ። ጋዙ በግማሽ ለመቀነስ በተራ አየር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ሲወስድበት፣ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

በመጨረሻም ስለ ጉርብትና። የአንዱ ጢስ መውጫ የሌላው መስኮት ላይ አይዙር። አጥራችን አንድ ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ጎረቤት ይጠየቅ። ቤት የምታከራዩም መስኮት የሌለው ክፍል ለሰው ስትሰጡ፣ ያ ተከራይ በብርድ ሌሊት ምን ይዞ እንደሚገባ አስቡ። ቀዳዳ መክፈት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አቅም ለሌላቸውና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ወጣቶቻችን ተሰብስበው ይሥሩላቸው ዘንድ እንጠይቃለን፤ መጥረቢያና መሮ ያለው ያውስ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ከመተኛታችን በፊት ቀና ብለን ጣራችንን እንይ። ጢሱ የሚወጣበት ካጣን፣ ነገ ጠዋት ሥራው ይጀመር።